በወረቀት የተመረቀው ሯጭ

ሰኞ፣ ጥር 6። ጠዋት፣ ደብረ ብርሃን፣ ቢሮ

እስክሪብቶው ቀዝቅዞ አልጽፍ ብሎኛል። ብብቴ ሥር አሙቄ ነው ይህን የምጭርልሽ፣ ደብተሬ። መስኮቱ ላይ ውርጭ። ለመዝገብ ቤቱ ማሞቂያ ይገዛል ከተባለ ስንት ዓመቱ! ካርድ እደረድራለሁ፣ እጄን አፋትጋለሁ፣ ካርድ እደረድራለሁ።

ፖስታ መጣ። ከአዲስ አበባ፣ ከበላይ መ/ቤት። ሁለት ቅጽ፤ ሁለቱም ላይ «አስቸኳይ»። አስቸኳይ ያልሆነ ነገር ልከውልን አያውቁም። አንደኛው ስለ ስፖርተኛ ተማሪዎች ነው፤ በስፖርት ችሎታ ስንት ተቀበላችሁ፣ ስንቱ ትምህርቱን ጨረሰ፣ ያልጨረሰው የት ደረሰ። ሁለተኛው ስለ ወንጀል፤ በግቢው ውስጥ ምን ተፈጸመ፣ ማን ፈጸመው፣ ምን እርምጃ ተወሰደበት። ከዘንድሮ ጀምሮ ኮሌጅ ሁሉ ይሞላል ተብሏል።

የስፖርቱን ሳይ ሳቄ መጣ። ከሰይድ ጋር በኳስና በሩጫ ከገቡት አንዱ ለክፍለ ሀገሩ ሲጫወት ጉልበቱ ወጥቶ ቀረ። አንዱን የፋብሪካ ቡድን ወሰደው። የቀሩት ለውድድር ሲመላለሱ ትምህርቱ አመለጣቸው፣ ፈተና ወደቁ፣ ሄዱ። ዋንጫቸው ዲኑ ቢሮ አለ፣ በየሳምንቱ ይወለወላል። ሊጨርስ የቀረው ሰይድ ብቻ። የአሊዩ አምባ ልጅ፣ የረጅም ርቀት ሯጭ፣ ዝምተኛ። ሰኔ ላይ ይመረቃል።

ቅጾቹን ለጓድ መኮንን አሳየሁት። የተማሪዎች ዲን ነው፤ ላንቺ ጓድ መ. ብዬ ላሳጥረው፣ ቀለም ውድ ነው። ስፖርቱ አንድም ቢሆን ተመራቂ ይኑረው፣ ወንጀሉ ግን ባዶ ይሁን አለ። ገና ሳይጠየቅ ባዶነቱን በምን አወቅህ ብለው፣ ምንም አይፈጸምማ አለኝ።

እሺ። አይፈጸምም።

ማክሰኞ፣ ጥር 7

ተፈጸመ! የጓድ መ. አፍ!

ከሴቶች መኝታ ቤት ሁለት ብርድ ልብስ ጠፋ። ልጆቹ አጥበው ገመድ ላይ አስጥተውት አደረ፤ ጠዋት ገመዱ ብቻ። የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያለበት ከተማ ተቀምጠን፣ ብርድ ልብስ!

አንዷ ልጅ ቢሮዬ መጥታ አለቀሰች። ከሞላሌ ነው የመጣችው፣ እናቷ ናት የገዛችላት። ስሟን ጠየቅኋት። ጻፍኩ። ወንበር ሰጠኋት። ሌላ ምንም አልተሰማኝም። ድሮ ቢሆን አብሬያት ነበር የማለቅሰው። እንባዬን ማን እንደወሰደው እንጃ። እሱንም የወንጀሉ ቅጽ ላይ ላስገባው ይሆን?

ፖሊስ እንጥራ ወይ አልኩ። ጓድ መ. ከመቀመጫው ብድግ አለ። ፖሊስ ከመጣ ወንጀል ይሆናል፣ ወንጀል ከሆነ ቅጹ ላይ ይገባል። የራሳችንን ችግር በራሳችን እንፈታለን አለ። ነገ ስብሰባ።

ረቡዕ፣ ጥር 8። ከስብሰባው በኋላ

«የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ» ተባለ። ይበሉ። እኔ የሸዋ ልጅ ነኝ፣ አውጫጭኝ ሳይ አውቀዋለሁ። ድሮ ከብት ሲጠፋ አገሩ ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰብ ነበር፤ ሌባው እስኪወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ያየውን ለሽማግሌ በጆሮው ሹክ የሚለው ሰው «ወፍ» ይባላል፤ ማን እንደሆነ አይወራም። አባቴ ይህን ሲያወራ ነው ያደግሁት። ጓድ መ. የመንዝ ሰው ነው፣ እሱም ያው። የተለየ ነገር ቢኖር ጠረጴዛው ቀይ ጨርቅ መልበሱ ነው።

ተማሪው ሁሉ ሣሩ ላይ ተቀመጠ። ሣሩ እርጥብ። ሌባው ካልወጣ ምሳ የለም ተባለ። ከወጥ ቤቱ የሽሮው ሽታ ይመጣል። መፈክር። ዝምታ። ደግሞ መፈክር። የምሳ ሰዓት አለፈ። ኋላ አንድ ልጅ ተነሥቶ ወደ ጠረጴዛው ሄደ፣ ለጓድ መ. በጆሮው ነገረው። ወፋችን መጣች።

ሰይድ ጎህ ሲቀድ በጀርባው ጥቅል አዝሎ ሲሮጥ ታይቷል።

ከዚያማ ሁሉም አየ። እንቅልፋሙም አየ። ሲርብ ዓይን ይበራል መሰለኝ። ጥቅሉ ብርድ ልብስ ያህላል አሉ። አንዱ የብርድ ልብሱን መስመር ሁሉ አይቻለሁ አለ፣ በጨለማ! ሰይድ ተነሣ። አሸዋ ነው፣ ጆንያ ውስጥ አሸዋ አድርጌ ነው የምሮጠው አለ። ሳቁበት። አሸዋ ተሸክሞ የሚሮጥ ሰው ማን አይቶ ያውቃል? እጅ አውጡ ተባለ። ሜዳው ሁሉ እጅ ሆነ። ከትምህርት ገበታ ይሰናበት፣ በሙሉ ድምፅ።

የአስተዳደር ሠራተኛ ድምፅ የለውም ተባልን። ደግ። ቢኖረኝ ምን እንደማደርግ አላውቅም።

ምሳ በሉ። እኔም በላሁ።

ሐሙስ፣ ጥር 9

ሰይድ ጆንያውን ተሸክሞ መጣ። መዝገብ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ዷ! አደረገው። ዳር ዳሩ ተበሳስቷል፣ አሸዋው ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ትናንት የጠረግሁት ወለል።

እንዲህ አለኝ በአጭሩ። ልጅ ሆኖ ከአሊዩ አምባ እስከ አንኮበር ዳገቱን የሚወጣው ሸክም ይዞ ነበር፤ አህያዋ የቻለችውን ትሸከማለች፣ የቀረውን እሱ። አንኮበር ደርሶ ሸክሙን ሲያወርድ እግሩ መሬት የማይነካ ይመስለው ነበር። ሩጫው ከዚያ መጣ። እዚህ ሜዳው ለጥ ያለ ነው፣ ሸክም ከሌለ እግር ይሰንፋል አለ። ትከሻውን አሳየኝ፣ ጆንያው ልጦታል። ተማሪው ሲነሣ እሱ ጨርሶ ታጥቦ ክፍል ገብቷል፤ ለዚህ ነው ማንም ጆንያውን በብርሃን አይቶት የማያውቀው።

እኔ አመንኩት። ማመኔ ግን ምን ያደርግለታል?

የስንብት ወረቀቴ ተጽፏል ወይ እትዬ ስንዱ አለ። ገና ነው አልኩት። የሚጽፈው መዝገብ ቤት ነው፣ መዝገብ ቤት ማለት ደግሞ እኔ ነኝ። ይዘግይልኝ አለ። የብሔራዊ ውትድርና ሁለተኛው ዙር ምዝገባ ሊጀመር ነው፣ ቀበሌ ተማሪ ያልሆነውን እየለቀመ ነው፤ ወረቀቱ የወጣ ዕለት ይወስዱኛል። ይህን ሲል አልለመነኝም። የአውቶቡስ ሰዓት እንደሚጠይቅ ሰው ነበር።

ጆንያውን ዲኑ ጋ ወሰድኩት፤ ጎተትኩት ማለት ይሻላል። ጓድ መ. አየው። አሸዋ ከስብሰባውም በኋላ ይሞላል አለ። ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ብዙኃኑ ወስኗል፣ ብዙኃኑን ተጋፈጥ ነው የምትዪኝ፣ እኔም ልጆች አሉኝ አለ። ክፉ ሰው አይደለም። ፈሪ ነው። ጆንያውን ወደ ቢሮዬ መልሼ ጎተትኩት፤ ወገቤን አሞኛል።

ቅዳሜ፣ ጥር 11። ጥምቀት

ታቦቱ በደጄ አለፈ። ወጣሁ፣ ቆምኩ። እልል ልል አፌን ከፈትኩ፤ ብርድ ገባ። ዘጋሁት።

ታናሽ ወንድሜ ግርማ ከመጀመሪያው ዙር ጋር ሄዶ አንድ ደብዳቤ ጻፈ፣ በቃ ዝም። ሰዎች ግርማ ደኅና ነው ወይ ሲሉኝ ደኅና ነው እላለሁ። መልሱ ከአፌ ነው የሚወጣው፣ እኔ የለሁበትም።

ዛሬ አልጽፍም።

ማክሰኞ፣ ጥር 14። ከሰዓት በኋላ

የሰይድ አባት መጡ። አቶ አሊ። በአሊዩ አምባ ገበያ በርበሬና ጥጥ ይነግዳሉ። ዳገቱን በእግር፣ ከአንኮበር ወዲህ ደግሞ በጭነት መኪና ነው የመጡት። ቀጭን፣ ረጅም ሰው፤ ልጁ ቁርጥ እሳቸውን። ከተማው ገብተው ሁለት አዲስ ብርድ ልብስ ገዝተው በማዳበሪያ ይዘዋል።

ጓድ መ. ሁለት አዛውንት መምህራን ጠራ። እኔ ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ። አቶ አሊ ወላሂ ልጄ አልወሰደም ብለው ጀመሩ። ግን በእኛ አገር ዕቃ ጠፍቶ ሰው ከተጠረጠረ፣ ቢወስድም ባይወስድም ቤተ ሰቡ ይተካል፤ እጅ ለእጅ ይያያዛል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ ነገሩ ያልቃል። ለእርቁ ብዬ ነው፣ ልጄ ወደ ቦታው ይመለስ አሉ። መምህራኑ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ እነሱም አገር ቤት የሚያውቁት ነገር ነው። ጓድ መ. ተነሥቶ ትከሻ ገጨ። አቶ አሊ መረቁን። ለኔም ለይተው፣ እህቴ አላህ የሐሳብሽን ይሙላልሽ አሉኝ። አሜን አልኩ። ሐሳቤ ምን እንደሆነ አላውቅም።

ከበሩ እንደወጡ ጓድ መ. ማዳበሪያውን በእግሩ ነካ አደረገው። ይኸው፣ ልጁ ባይሰርቅ ኖሮ አባት ይከፍል ነበር? አመነ ማለት ነው አለኝ።

ለእርቁ ብለው ነው፣ አሁን በጆሮህ ሰማህ አልኩት። ለእርቅ ብሎ የሌባ ዕዳ የሚከፍል የለም አለ። የመንዝ ሰው ነው ይህን የሚለው! አባቱ ስንቴ እንዲህ ከፍለው ይሆናል!

አቶ አሊ ልጄ ነገ ክፍል ይገባል ብለው ደስ ብሏቸው ወረዱ። ሰይድ ከሰዓት በዋናው በር ሊገባ ሲል ዘበኛው መለሰው። ከመስኮት አየሁ። አልተጨቃጨቀም። ዞረ፣ ሄደ። አንድ የአባቱ ወዳጅ የሆነ ነጋዴ ቤት ነው ያረፈው ይላሉ።

ብርድ ልብሱ ለሴቶቹ ታደለ። የሞላሌዋ ልጅ ከድሮዬ ይሞቃል አለች።

ረቡዕ፣ ጥር 15

ጓድ መ. ጠራኝ። ሁለቱን ቅጾች እንደ ልማዱ ባዶአቸውን ፈርሞባቸዋል፣ ማኅተምም አሳርፎባቸዋል። ስብሰባ ስለሚበዛበት ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ እሱ ይፈርማል፣ እኔ እሞላለሁ። ተላላኪው ታሟል፣ ዓርብ ራስሽ አዲስ አበባ ታደርሻለሽ አለ። ምን እንደምሞላ ነገረኝ።

አንድ፦ ከስፖርተኞች የጨረሰ፣ ሰይድ በዪ። ሰኔ ሊጨርስ ታቅዶ ነበር፤ ዕቅድ እንደ ክንውን ይቆጠራል።

ሁለት፦ ወንጀል፣ የለም። እርቅ ወርዷል፤ የታረቀ ነገር ወንጀል አይባልም።

ሦስት፦ ቅጹ አዲስ አበባ ከገባ በኋላ የልጁን ስንብት ጻፊ፣ ለቀበሌም ግልባጭ።

ሲነግረኝ አልተሸማቀቀም። የገበያ ዕቃ ነበር የሚያዝዘኝ የሚመስለው። እኔም ጻፍኩ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ቢሮዬ ገብቼ ነው ያነበብኩት። እንግዲህ ልጁ በወረቀት ተመርቋል፣ በእግሩ ተባሯል። ለመንግሥት ምሩቅ፣ ለቀበሌ ሥራ ፈት። ካልሰረቀ ለምን ይባረራል? ከሰረቀ ወንጀሉ የት ሄደ? ካልተማረስ እንዴት ይመረቃል? ይህን ለማን ልጠይቅ? አንቺን ጠየቅሁ።

ሐሙስ፣ ጥር 16። ጠዋት

ጆንያው አሁንም ጥግ ላይ ነው። ቅጹ ፊቴ። አልሞላሁም። ጠዋቱን ሙሉ የጠፋ ካርድ ስፈልግ ዋልኩ፤ ካርዱ አልጠፋም ነበር።

ሐሙስ፣ ከምሳ በኋላ

ጻፍኩት። በቀለም፣ በጥሩ እጅ ጽሕፈቴ።

ስፖርት፦ የጨረሰ፣ የለም። በትምህርት ላይ ያለ፣ አንድ፤ ሰይድ አሊ፣ በሰኔ ይመረቃል ተብሎ ይጠበቃል።

ወንጀል፦ ስርቆት፣ ሁለት ብርድ ልብስ። ፈጻሚው አልታወቀም። የጠፋውን የአንድ ተማሪ አባት ለሰላም ሲሉ በፈቃዳቸው ተክተዋል።

ከሥሩ የጓድ መ. ፊርማና ማኅተም፣ ቀድሞ የተቀመጠ።

ጀግና ሆነች ብለሽ እንዳትኮሪብኝ። ምንም አልተሰማኝም። ልክ እንስራ እንደመሙላት ነው የሞላሁት። ግን ነገሩን አስቤበታለሁ። አዲስ አበባ «በትምህርት ላይ ነው» የሚለውን ወረቀት ተቀብሎ ማኅተሙን ካሳረፈበት፣ ጓድ መ. ልጁን ሊያባርር አይችልም፤ ቢያባርረው በራሱ ፊርማ ላይ መዋሸቱ ነው። ለዚህ ያለኝ መንገድ ይኸው ብቻ ነው። የስንብት ወረቀቱን ደግሞ እኔ ካልጻፍኩት ማንም አይጽፈውም፣ ቢያንስ እስከሚያባርሩኝ።

ከተያዝኩ ስሙ አሻጥር ነው። ባለሥልጣን በፈረመበት ባዶ ወረቀት ላይ የራስን መጻፍ። በዚህ ዘመን ለአሻጥር ምን እንደሚደረግ አንቺ ላይ መጻፍ አያስፈልገኝም።

የነገ ትኬት ቆርጫለሁ። የይለፍ ወረቀትም ይዣለሁ።

ዓርብ፣ ጥር 17። ከአዲስ አበባ እንደተመለስኩ

ከመጀመሪያው ልጀምር፣ ካልጻፍኩት ይጠፋኛል።

በማለዳ አውቶቡስ። ኬላ ላይ ወረድን፣ ተፈተሽን፣ ወጣን። ጫጫ ላይ ጎማ ፈነዳ። እህል የጫኑ መኪኖች ወደ ሰሜን፣ ወደ ጣርማ በር በኩል ያልፋሉ፣ ማለቂያ የላቸውም። ሰው ቆሞ ያያል። እኔም ቆሜ አየሁ፣ ፖስታውን በነጠላዬ ሥር ይዤ።

መ/ቤቱ ስደርስ ተቀባዩ ሹራብ የደረበ ጎልማሳ ነው። አቀባበሉ ጥሩ፣ ወንበርም ሰጠኝ። የስፖርቱን ቅጽ አየ፣ ከንፈሩን መጠጠ። የወንጀሉን አየ። ደገመው። ከጎኑ ያለውን ባልደረባውን ጠርቶ አሳየው። ከዚያ በጎኑ ያለውን ክምር ነካ ነካ አደረገ። የሌሎቹ ኮሌጆች ናቸው። እስካሁን የገባው ሁሉ «የለም» ነው፤ አንድም ወንጀል የለ። ስፖርተኞቹም ሁሉም ጨርሰዋል! በመላው አገር ሌባ ያለው ደብረ ብርሃን ብቻ ሆነ እኮ አለኝ፣ እየሳቀ።

እየቀለደ ብቻ አልነበረም፣ አዘነልኝ። ይህ ወረቀት ተደምሮ ሲወጣ ከሁሉ የከፋው ኮሌጅ የናንተ ነው፤ አለቃሽ ይጠየቃል፣ እሱ ደግሞ አንቺን ይጠይቃል አለ። መሳቢያውን ከፈተ። አዲስ ቅጽ አወጣ፣ እስክሪብቶውን ከኪሱ መዘዘ። እዚሁ ጻፊው፣ ፊርማውን እኛ እዚህ እናስተካክለዋለን፣ ሁሉም ይህን ያደርጋል አለኝ። እህት ብሎ ነው የጠራኝ።

እስክሪብቶውን ተቀበልኩት። እውነቱን ልንገርሽ፣ ተቀበልኩት። ጫፉን ቅጹ ላይ አሳረፍኩ። ፈራሁ። እንደ ሕፃን ፈራሁ! ስለራሴ ፈራሁ፣ ደግሞ ስለዚያ ልጅ ፈራሁ፣ ግርማ የት ነው ያለው ብዬም ፈራሁ፣ ሁሉም በአንዴ። ዓይኔ እንባ ሞላ። ሰውዬው ውሃ ላምጣልሽ አለ።

እስክሪብቶውን መለስኩለት። እንደ መጣ ይታተምልኝ አልኩ። ድምፄ ቀጥኖ ነው የወጣው።

ትንሽ አየኝ። ማኅተሙን አነሣ፣ እፍ አለበት፣ ሁለቱም ላይ መታ። የካርቦን ቅጂውም ላይ መታልኝ። ከዚያ ቅጹን ክምሩ ላይ ጣለው፤ ሌላ ሰው ቅጽ ይዞ ከኋላዬ ቆሟል።

ደብረ ብርሃን እንደወረድኩ ወደ ነጋዴው ቤት። ሰይድ ደጁ ላይ የጥጥ ማዳበሪያ ሲሰፋ አገኘሁት። ቅጂውን ሰጠሁት፤ ሰኞ ይዘኸው ትገባለህ፣ ይህ ማኅተም ካለበት የሚያስወጣህ የለም አልኩት። ቀስ ብሎ አነበበ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። ጣቱን «ፈጻሚው አልታወቀም» የሚለው ላይ አደረገ።

አልሰረቀም አይልም እኮ እትዬ፣ አለኝ።

አይልም። መንገዱን ሁሉ ደስ ብሎኝ ነው የመጣሁት፣ ይህን አላሰብኩትም ነበር። ቅጹ ላይ ማን ፈጸመው የሚል ቦታ አለ፤ ማን አልፈጸመም የሚል ቦታ የለም አልኩት። እዚያ ሜዳ ላይ እጁን ያወጣው ሁሉ ሰኞ አብሮት ክፍል ይቀመጣል፣ በዓይኑ እያየው። ለሱ ምንም ማኅተም የለኝም። ያን ጊዜ አለቀስኩ፤ በሰው ደጅ ቆሜ፣ ያለ ኀፍረት። እሱ ነው ያባበለኝ። ቅጂውን አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተ፣ መርፌውን አነሣ። ትንሽ ሰፋና፣ ብቻዬን በዚያ በር መግባት ይከብደኛል አለ።

ጓድ መ. ሰኞ ይጠራኛል፣ ምናልባትም ከዚያ በፊት። ሲጠራኝ እኔ ነኝ የጻፍኩት እለዋለሁ፤ አንተ ፈርመሃል፣ እኔ ጽፌአለሁ፣ እውነት ነው፣ በቃ። ምን እንደሚያደርገኝ አላውቅም። ጽሕፈቴ ጠማማ ሆኗል፣ እዪው።

የሰኞውን ጠዋት ግን ወስኛለሁ። ቀድሜ ሄጄ ዋናው በር ላይ እጠብቀዋለሁ። ክንዱን ይዤ፣ ተማሪው ሁሉ እያየ፣ ክፍሉ ድረስ አስገባዋለሁ።